«ስንተኛ ወጣህ?»

በዚህ አገር ሮጦ የመጣ ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ጠያቂው የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል፣ የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል፣ አማትም ሊሆኑ ይችላሉ። «ደከመህ ወይ?»፣ «ደስ አለህ ወይ?» ብሎ የሚጀምር የለም። የሚፈለገው ደረጃችሁ ነው። «ሠላሳ ሺህ ምናምነኛ» ብላችሁ ብትመልሱ ጠያቂው ፊት ላይ የምታዩት ሐዘን፣ ለቅሶ ቤት የገባችሁ ነው የሚያስመስለው። አማቴማ አንድ ጊዜ እጄን ያዝ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ ለከርሞ ይሳካልሃል» ብለውኛል።

አይፈረድባቸውም። ሩጫ ለእኛ ወርቅ ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ከዚያች ዋዜማ ወዲህ ሩጫን ከሰንደቅ ዓላማና ከመዝሙር ነጥለን አይተነው አናውቅም። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ማርሹን ቀይሮ አምስት ሺውንም አሥር ሺውንም ሲወስድ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በሰከንድ 9 መቶኛ ሲቀድም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከበን የጮህነው «አንደኛ!» እያልን ነው። ታዲያ አንደኛ ለማይወጣ ሰው ሩጫ ምን ይሠራለታል? ይህን ጥያቄ ይዤ ስሮጥ እነሆ ስድስት ዓመት አለፈኝ።

መንገድ ላይ ሮጣችሁ የምታውቁ አንድ ነገር ታውቃላችሁ። የሚሮጥ ሰው ቦርጭ ኖረውም አልኖረው በስሙ አይጠራም። ልጆች «ቀነኒሳ!» ይላሉ። ጎልማሶች «በርታ ኃይሌ!» ይላሉ። ሴት ከሆነች ደራርቱ ናት፣ ወይም ጥሩነሽ። እኔ እንዲያውም በዚህ የጠሪውን ዕድሜ መገመት ለምጃለሁ። አንድ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ከዘራቸውን ከፍ አድርገው «በርታ አበበ!» አሉኝ። አበበ! ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። እኔ 10 ኪሎ ሜትር የምጨርሰው በ75 ደቂቃ ነው። አበበ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ በነበረው ፍጥነት በ75 ደቂቃ ውስጥ 23 ኪሎ ሜትር አልፏል። ያውም ያለ ጫማ። አዛውንቱ ዓይናቸው ደከም ብሎ መሆን አለበት።

የምሮጠው ከሰባት ሰዎች ጋር ነው። ማኅበር አይደለንም፤ ሊቀ መንበር፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የባንክ ሒሳብ የሚባል ነገር የለንም። (ስምንት ኢትዮጵያውያን ተሰባስበው ዕቁብ አለመጀመራቸው ራሱ ተአምር ነው።) ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር አሉን፤ ጋሼ እንላቸዋለን። የሒሳብ ሠራተኛ የሆነች ወጣት አለች። ባልና ሚስት ነርሶች አሉ። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ሰው፣ አንድ መሐንዲስና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኛለን፤ እሑድ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ተነስተን ወደ እንጦጦ እንወጣለን። የምንዘጋጀው ለታላቁ ሩጫ ነው እንላለን። ምን ያወራሉ ካላችሁ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች የሐኪሞች ጉባኤ ናቸው። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ፣ ወገብ… ያላመመው ሰው ራሱ የሆነ ነገር ፈልጎ ያመዋል፤ አለበለዚያ ከጨዋታው ውጪ ይሆናል። ነርሷ ለሁሉም መልሷ አንድ ነው፤ «ሳታሟሙቅ ለምን ተነሳህ?» ቀጥሎ ጫማ ይመጣል። ስለ ጫማ የምናወራውን ያህል ስለ ልጆቻችን አናወራም። የአዲስ መሮጫ ጫማ ዋጋ የብዙ ሰው የወር ደመወዝ ነው። ስለዚህ ሰልባጅ ተራ ሄዶ ሶሉ ያልሞተ ጫማ ያገኘ ሰው ሎተሪ እንደ ወጣለት ይቆጠራል። ባለ ሱቁ በዚህ ሊቅ ነው፤ ሶሉን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርግና «ይሄ ገና 500 ኪሎ ሜትር አለው» ይላል፤ አሮጌ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ነው የሚመስላችሁ።

ከዚያ ምግብ ነው። በሶ በማር ይበጠበጥ ወይስ በውኃ ብቻ? ከሩጫ በፊት ወይስ በኋላ? ሁዳዴ ሲገባ ክርክሩ ይጦፋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ሰው ንጋት ላይ ተነስቶ ሊሮጥ ይገባዋል? ነርሱ «ቢያንስ ዳገቱን ተዉት» ይላል። ጋሼ ግን 55ቱን ቀን ጾመው አንድም ልምምድ አይቀሩም፤ «ሆድ ሲቀል እግር ይቀላል» ብለው ያልፉታል። ከምግብ ቀጥሎ ደግሞ ውሻ አለ። የሰፈር ውሻ በጨለማ የሚሮጥ ሰው አይወድም። መድኃኒቱን ማንም ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል፤ ድንጋይ ኖረም አልኖረም ጎንበስ ማለት ነው። ፈረንጅ የዚህን ጥቅም አያውቅም።

የመንገዱም ጉዳይ ይነሳል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት መብራት ያለው ሰፊ የእግረኛ መንገድ አምጥቶልናል፤ ቀድሞ ቱቦ ውስጥ እንዳንገባ እየዘለልን የምናልፍበትን ቦታ ዛሬ ሦስት ሆነን ጎን ለጎን እንሮጥበታለን። በዚያው ሥራ ደግሞ ዘጠነኛችን የነበረ ሰው ሰፈሩ ፈርሶ ወደ ከተማው ጫፍ ሄዷል። በሁለት ታክሲ ተሳፍሮ ለሩጫ የሚመጣ ሰው የለምና ቀረብን። አንድን መንገድ ሁለት ዓይነት አድርጎ ማየት እንግዲህ እንዲህ ነው።

ጋሼ አንድ ሕግ አላቸው፤ «ማውራት ያቃተው ሰው ፈጥኗል» ይላሉ። እሳቸው ይህን የሚሉት ጨዋታ ስለሚወዱ ነው ብለን ነበር። ነርሶቹ ግን ትክክል ነው አሉን። ሰውነት ከሚያገኘው አየር በላይ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚቆጥበው ንግግርን ነው፤ ረጅም መንገድ የሚለማመድ ሰው አብዛኛውን ልምምዱን ማውራት በሚችልበት ፍጥነት ቢሮጥ ልቡም ጅማቱም ይጠነክርለታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል ያንሳል። የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ላይ ወሬና ፍጥነት አብረው አይሄዱም፤ አንዱን መምረጥ ነው።

ይህን ያልተረዳ እንግዳ መጥቶብን ነበር። የአክስቴ ልጅ ነው፤ ከሜሪላንድ ለዕረፍት መጣና «እኔም እኮ ሯጭ ነኝ» ብሎ ተከተለኝ። ክንዱ ላይ ያሰረው ሰዓት ልብ ምት ይቆጥራል፣ እርምጃ ይቆጥራል፣ እንቅልፍ ሳይቀር ይቆጥራል። ሽሮ ሜዳ ላይ ገና ስንገናኝ «ፔሳችሁ ስንት ነው?» አለ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «እንደ ወሬው ነው» አሉት። ልጁ ዙሩን አከረረው። አሯሯጭ የተቀጠረ እስኪመስል ጥሎን ሄደ። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስበት ባሕር ዛፍ ተደግፎ ሰዓቱን ይመታ ነበር፤ «ይሄ ነገር ተበላሽቷል መሰለኝ» ይላል። ጋሼ ክንዱን ያዙትና በእርምጃ አስጀመሩት። ትንፋሹ ሲመለስ ማውራት ጀመረ፤ እስክንወርድ ድረስም አላቆመም። «እዚያ የምሮጠው ብቻዬን ነው» አለን። «ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አለ። የሚያወራኝ ሰዓቴ ነው።»

አትሌቶቻችን ራሳቸው እንደዚያ አይሮጡም። እንጦጦ፣ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ማለዳ ወጥታችሁ ብታዩ ተከታትለው በባሕር ዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዙ ነው የምታዩአቸው፤ ከፊት ያለው ይመራል፣ ሌላው እግር በእግር ይከተላል፣ ተራ ይቀያየራሉ። የወርቁ አገር ወርቁን የሚያገኘው ተሰባስቦ ነው። በቴሌቪዥን የምናየው ግን ክሩን የምትበጥሰውን ደረት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእኛ አገር ጨዋታ ፊት ለፊት ነው። ቡና ሲጠጣ ክብ ሠርተን፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን ነው። ሰው ፊታችንን ሲያየን ደግሞ የምንለው የታወቀ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ቤት ቢቃጠልም ደህና ነን። ሩጫ ላይ ግን ሁሉም የሚያየው ወደፊት ነው። ገና አልነጋም፣ የማንም ፊት አይታይም። ትንፋሽም ውድ ነው። ውሸት ብዙ ቃል ይፈልጋል፤ ማጀቢያ አለው፣ ማስተባበያ አለው። ዳገት ላይ ለዚያ የሚሆን አየር የለም። ከአራተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ የሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ አጫጭር ናቸው፤ ሁሉም እውነት ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ጋሼ አንድ ሐሙስ «ስኳር አለብህ… ተባልኩ… ለልጆቼ አልነገርኩም» አሉ። በሦስት ትንፋሽ አለቀ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ከኛ ጋር መሮጥ በጀመረች በዓመቷ ነው የተናገረችው። እኛ ውሻ አንስተን እንደ ልማዳችን ስንንጫጫ ድንገት «እኔን ውሻ አያስፈራኝም» አለች። ከኛ በፊት ብቻዋን ትሮጥ ነበር። በመኪና ቀስ እያሉ የሚከተሏት ነበሩ፤ አንዱ እጇን ይዞ አለቅም ብሏት ያውቃል። መንገድ ሦስት ጊዜ ቀየረች፤ በመጨረሻ ሩጫውን ትታ አንድ ዓመት ቤት ተቀመጠች። «እናንተ የምትሮጡት… ለደም ግፊት ነው» አለችን። «እኔ እናንተ ጋ የመጣሁት… መሮጥ እንድችል ነው።» ዓመት ሙሉ ስለ ውሻ ስናወራ እሷ ዝም ብላ ታዳምጠን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ሰፈሯ ሳትደርስ የሚበተን የለም። ይህ ውሳኔ በድምፅ ብልጫ አልጸደቀም፤ ዝም ብሎ ሆነ።

መሐንዲሱ የተናገረው በሐምሌ ነው። ዝናብ ያካፋል፣ የእንጦጦ ጭጋግ ሁለት ሜትር አያሳይም። ዳገቱ መሐል ላይ «ከሥራ… ወጥቻለሁ» አለ። ጥቂት እርምጃ ሮጥንና «ሁለት ወር አለፈኝ… ባለቤቴ አታውቅም» ብሎ ጨመረ። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ለብሶ፣ ቦርሳውንና ምሳ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ ሲደክመው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይቀመጣል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ደክሞት እንደ ዋለ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ማንም ዞር ብሎ አላየውም። «ምነው? እንዴት? ማን አደረገው?» ያለ የለም። ጋሼ ብቻ «ቀስ እንበል» አሉ። ቀስ አልን። እርምጃ ሊሆን ምንም እስከማይቀረው ድረስ ቀስ አልን። ለረጅም ጊዜ የጫማና የዝናብ ድምፅ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ነርሷ «ዛሬውኑ ንገራት፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማ» አለችው።

ያን እሑድ ነገራት። ለካ ሚስቱ ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ታውቅ ኖሯል። ከአንዲት የቀድሞ ባልደረባው ሚስት ሰምታለች። ምሳ ዕቃውን መሙላት ግን አንድም ቀን አላቋረጠችም፤ እሱ እስኪነግራት ትጠብቅ ነበር። ሰውዬው ሌላ ሥራ ያገኘው ከስምንት ወር በኋላ ነው፣ ያውም በአነስተኛ ደመወዝ። በእነዚያ ስምንት ወራት ከሩጫ የቀረበትን ቀን አላስታውስም። «ስሜን እስካልጻፍክ ጻፈው» ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

ማንም የማያወራበት ማለዳም አለ። ያን ጊዜ ምን ይታሰባል? የሌላውን አላውቅም፤ እኔ ቁጥር አስባለሁ። የቤት ኪራዩን በሠላሳ ቀን አካፍላለሁ። የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ በመብራት ምሰሶዎች አካፍላለሁ፤ ከዚህኛው ምሰሶ እስከዚያኛው ይህን ያህል ብር። ለአለቃዬ ትናንት ልመልስለት ይገባ የነበረውን መልስ አሳምሬ አዘጋጃለሁ፤ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መልሱም አለቃዬም ይጠፉብኛል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የጎረቤቴ ትንፋሽ ነው። ትንፋሹ ሲያጥር እሰማለሁ፤ እሱም የኔን ይሰማል። አንዳችን ስንደክም ሌላው ሳይባል ይቀንሳል።

ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ አሥር ሺህ ሜትር ስታሸንፍ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛ የወጣችው የደቡብ አፍሪካዋ ነጭ ሯጭ ኤላና ማየር ነበረች፤ አገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ከኦሎምፒክ ተገልላ 32 ዓመት ቆይታ የተመለሰችበት ውድድር ነው። ደራርቱ መስመሩን አልፋ አልሄደችም፤ ቆማ ጠበቀቻት። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያን ቀን ደራርቱ የገባችበትን ሰዓት ከጠየቃችሁኝ መዝገብ ማየት አለብኝ። መጠበቋን ግን ማንም ሊያስታውሰኝ አያስፈልግም።

በኅዳር የሚመጣው ታላቁ ሩጫም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ነበር፤ የመጀመሪያውን ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነው። በ2017 ዓ.ም. ተሳታፊው 50 ሺህ ደርሷል። ምዝገባ ሲከፈት የእኛም ወሬ ይቀየራል፤ ቲሸርት ማን አገኘ፣ ማን አጣ፣ የዘንድሮው ቀለም ምንድን ነው። ሦስት ወር ሙሉ «ዘንድሮ ከ70 ደቂቃ በታች እገባለሁ» ብላችሁ ትዘጋጃላችሁ። መስቀል አደባባይ ስትደርሱ ከፊታችሁ የሚጨፍር አለ፣ ከኋላችሁ ጥሩምባ የሚነፋ አለ፣ ከጎናችሁ ሕፃን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ አባት አለ። ማን ይሮጣል? ትጨፍራላችሁ እንጂ! ጋሼ «ሩጫውን እኮ ማክሰኞና ሐሙስ ጨርሰነዋል፤ ይሄ ሠርጉ ነው» ይላሉ። የስኳራቸውን ነገር ለልጆቻቸው ነግረዋል። አሁን ትልቋ ልጃቸው ማክሰኞ ማክሰኞ አብራቸው ትመጣለች፤ መድኃኒት ወስደው እንደሆነ የምትጠይቃቸው አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ብልህ ልጅ ናት።

እንግዲህ በሰፈራችሁ ደረቱ ላይ ቁጥር ለጥፎ፣ ላቡን እየጠረገ የሚገባ ሰው ስታዩ ስለ ደረጃው ባትጨነቁ ጥሩ ነው። ከማን ጋር እንደሮጠ ጠይቁት። ብቻዬን ካለ ደግሞ ለማክሰኞ አብራችሁት ለመውጣት አስቡበት። አዲስ ጫማ አያስፈልግም፤ ሶሉ ያልሞተ ይበቃል።

ከተማው ጫፍ የሄደው ዘጠነኛችን ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። አዲሱ ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ጎረቤት አግኝቶ ንጋት ንጋት መሮጥ ጀምረዋል። «እንዴት ናቸው?» አልኩት።

«አንደኛው ጎበዝ ነው» አለኝ። «ሁለተኛው ገና ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያለ ነው።»

«ዳገት አላችሁ እዚያ?»

«አለን» አለኝ።